ዲናሞ ያልሆነው «ዲናሞ»

ነገሩ የጀመረው በአንድ ፒክአፕ ነው። ከመካከላችን የአንዱ አጎት ንብረት ነች፤ በዕድሜ ከአብዛኞቻችን ትበልጣለች፤ ናፍጣ ትጠጣለች፤ ጠዋት ጠዋት ሽንኩርትና ቲማቲም ጭና ከገበያ ወደ ሱቆች ታደርሳለች። በእሷ ቤት ኪራይ ይከፈላል፣ በእሷ ሦስት ልጆች ይማራሉ። እናላችሁ፣ አንድ ቀን ማለዳ ቁልፍ ሲዞር «ጠቅ» አለችና ዝም። ተገፍታ ተነሳች። በማግስቱም «ጠቅ»። ተገፋች። በሦስተኛው ቀን ገፊ ጠፋ፤ ቲማቲሙም ፀሐይ ላይ ዋለ።

መጀመሪያ የሄድንበት ጋራዥ ኮፈኑን ከፍቶ ባትሪውን በዓይኑ ብቻ አየና «ሞቷል» አለ። አዲስ ባትሪ ተገዛ። ለአንድ ሳምንት ሰላም ሆነ፤ ከዚያ ያው «ጠቅ» ተመለሰ። ሁለተኛው ጋራዥ የሠራውን ግን እናንተም ሳታዩ አልቀራችሁም። ሞተሩ እየሠራ፣ ጋዝ እየተረገጠ፣ ልጁ የባትሪውን ኔጋቲቭ ገመድ ብድግ አድርጎ ነቀለው። የዳሽቦርዱ መብራት ለቅጽበት ቦግ አለ። ሞተሩ ግን አልጠፋም። ልጁም በኩራት «አያችሁ ጋሼ፣ ዲናሞው ይሠራል!» አለ።

ከሁለት ቀን በኋላ ዲናሞው ተቃጠለ።

እኛ መካኒኮች አይደለንም። ጽሑፍ እንሞነጭራለን እንጂ ብሎን የምንፈታ ሰዎች አይደለንም። ግን አንድ ጥያቄ አላስተኛን አለ፤ ያ ልጅ ያንን ሙከራ ከየት ተማረው? ከጌታው። ጌታውስ? ከራሱ ጌታ። ወደ ኋላ እየተጎተትን ስንሄድ ከመቶ ዓመት በላይ የሆነው ታሪክ ውስጥ ራሳችንን አገኘነው። ዛሬ የምናወጋችሁ ያንን ነው። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምንጽፈው፤ በኛ ሲሆን ዓ.ም. እንላለን።)

በቃሉ እንጀምር

የኛ ጋራዥ ቋንቋ ግማሹ ጣልያንኛ ነው። ሞተር የሚያስነሳው «ሞተሪኖ» በጣልያንኛ ትንሽ ሞተር ማለት ነው። «ካንዴላ» ሻማ ነው። «ፍሪሲዮን» ያው የነሱው ነው። ጣልያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አገራችንን ወርሮ በቆየባቸው ዓመታት የጭነት መኪናውንም፣ ጋራዡንም፣ ቃሉንም ይዞ መጣ። ወራሪው ሲባረር ቃሉ እዚሁ ቀረ።

«ዲናሞ» የሚለው ቃል ሥሩ ግሪክ ነው፤ ኃይል ከማለት የመጣ። በዚያ ዘመን በመኪና ላይ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው መሣሪያ እውነትም ዲናሞ ነበር። ዛሬ በፒክአፓችን ሞተር ጎን በቺንጋ የሚሽከረከረው ግን ዲናሞ አይደለም። አልተርኔተር ነው። እኛ ስሙን አልቀየርንም። ስሙን አለመቀየር በራሱ ጉዳት የለውም፤ ችግሩ ከስሙ ጋር ሙከራውንም አለመቀየራችን ነው።

በእጅ የሚነሳ መኪና

በ1900 ዓ.ም. (1907/08 መሆኑ ነው) ለዳግማዊ ምኒልክ የመጡት የመጀመሪያዎቹ አውቶሞቢሎች አዲስ አበባ ሲደርሱ፣ በዓለም ላይ የነበረው የቤንዚን መኪና ሁሉ ማለት ይቻላል የሚነሳው በእጅ ነበር። ከፊት ለፊት ብረት ሰክቶ ማዞር ነው። ለሞተሩ የእሳት ፍንጣሪ የሚሰጠው ብዙውን ጊዜ ማግኔቶ የሚባል፣ ባትሪ የማይፈልግ መሣሪያ ነበር። የማታ መብራቱ ደግሞ የጋዝ ፋኖስ። እንዲህ ባለው መኪና ላይ «ባትሪው ሞቷል» የሚል ምርመራ የለም፤ የሚሞት ባትሪ አያስፈልገውምና።

የሚሞተው ሰው ነበር። ሞተሩ ያለጊዜው ሲተኩስ ብረቱ ወደ ኋላ ይመታል፤ ክንድ ይሰብራል፣ መንጋጋ ያወልቃል። ባይረን ካርተር የሚባል አሜሪካዊ መኪና ሠሪ በ1908 የሞተው እንዲህ ባለ ምት በደረሰበት ጉዳት ሰበብ ነው ተብሎ ይተረካል። የካዲላኩ አለቃ ሄንሪ ሊላንድ ወዳጁ ነበርና፣ በእጅ ማስነሳት ይብቃ ብሎ የተነሳው ከዚያ በኋላ ነው ይባላል። ትረካው በየጊዜው እየተዋበ መምጣቱ አይቀርም። ውጤቱ ግን የተመዘገበ ነው።

ኦሃዮ ውስጥ ዴይተን በምትባል ከተማ ቻርልስ ኬተሪንግ የሚባል መሐንዲስ ነበር። ቀደም ሲል በብሔራዊ የካሽ ሬጅስተር ኩባንያ ሲሠራ የገንዘብ መመዝገቢያ ማሽንን በኤሌክትሪክ ሞተር እንዲሠራ አድርጓል። በዚያ ሥራ አንድ ነገር ገብቶት ነበር፤ ለጥቂት ሰከንድ ብቻ የሚሠራ ሞተር ትንሽ ሆኖም ከአቅሙ በላይ ሊሸከም ይችላል። ለመኪናም ያው ነው። ባለሙያዎቹ «ሞተር ለማስነሳት መኪናውን የሚያህል ሞተር ያስፈልጋል» ሲሉ፣ እሱ ሰከንዶቹን ቆጠረ። የ1912 ሞዴሉ ካዲላክ በኤሌክትሪክ የሚነሳ ሆኖ ወጣ።

ነገር ግን አንድ ችግር ሲፈታ ሌላ ይወለዳል። ሞተሪኖ ካለ ትልቅ ባትሪ ያስፈልጋል። ባትሪ ካለ መሙላት ያስፈልጋል። የኬተሪንግ ብልሃት አንዱ ማሽን ሲነሳ ሞተር፣ ከተነሳ በኋላ ደግሞ አመንጪ ሆኖ ባትሪውን እንዲሞላ ማድረጉ ነበር። ልብ በሉ፤ ማስነሳት፣ ማጠራቀምና መሙላት እርስ በርስ የተሳሰሩት ያኔ ነው። ዛሬ ቁልፍ ስናዞር «ጠቅ» ሲል ከሦስቱ የትኛው እንደታመመ የማናውቀው ለዚህ ነው። ሦስቱም በአንድ አፍ ነው የሚያቃስቱት።

የፒክአፕ መወለድና የዲናሞ ዘመን

ፎርድ በሞዴል ቲ መኪናው በመብረሪያ ጎማው ውስጥ የተቀበረ ማግኔቶ ይዞ ነበርና የኤሌክትሪክ ማስነሻ ለማምጣት አልቸኮለም። በአማራጭነት ያቀረበው በ1919 ነው። በሚያዝያ 1925 ደግሞ ከፋብሪካ ከነጭነት ሳጥኑ የወጣውን ፒክአፕ በ281 ዶላር ለገበያ አቀረበ። ከዚያ በፊት ገበሬው መኪናውን ገዝቶ ኋላውን ቆርጦ ሣጥን ያሰራ ነበር። አጎታችን ሽንኩርት የሚጭንባት ፒክአፕ ቅድመ አያት ይቺ ናት።

የዚያ ዘመን ዲናሞ እንዴት ይሠራ ነበር? ማግኔታዊ ኃይል የሚፈጥሩት ጥቅል ሽቦዎች ዙሪያውን ቆመዋል፤ ኤሌክትሪኩ የሚመነጨው መሃል ላይ በሚሽከረከረው ጥቅል ውስጥ ነው። የመነጨው ጅረት በሙሉ ከሚሽከረከረው አካል የሚወጣው በመዳብ ቁርጥራጮች ላይ እየተፋተጉ በሚሄዱ ካርቦኖች አማካይነት ነው። ይህ ሁለት መዘዝ አለው። አንደኛ፣ ካርቦኑ ይበላል፣ መዳቡ ይጠቁራል፣ ፍንጣሪ ይበዛል። ሁለተኛ፣ በጣም በፍጥነት ማሽከርከር ስለማይቻል ሞተሩ ዝግ ብሎ ሲሠራ የሚያመነጨው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። በከተማ ጭንቅንቅ ማታ መብራት አብርቶ የሚነዳ ሰው ባትሪውን እየበላ ነበር የሚሄደው። የፊት መብራት ጋዝ ሲረገጥ ነጭ፣ ሲቆም ቢጫ ይሆን ነበር።

ዲናሞ ሌላም ዐመል አለው። መሽከርከሩን ሲያቆም ባትሪው ወደ እሱ መልሶ ይፈስሳል። ስለዚህ መስመሩን የሚቆርጥ መቁረጫ ያስፈልገዋል፤ የመቁረጫው ነጥብ ተጣብቆ ከቀረ ባትሪው ሌሊቱን ሙሉ በዲናሞው ውስጥ ይፈስሳል። መጠኑን የሚቆጣጠረው ደግሞ መጀመሪያ ላይ ሦስተኛ ካርቦን ነበር። ባለቤቱ ለበጋ ወዲህ፣ ለክረምት ወዲያ እያንሸራተተ ያስተካክለው ነበር። የቮልቴጅ ሬጉላተር በ1930ዎቹ እየተስፋፋ መጣ፤ እሱም በማግኔት የሚንቀጠቀጡ ትናንሽ የብረት ነጥቦች ያሉት ሳጥን ነው።

አሁን ወደ ልጁ ሙከራ እንመለስ። በዚህ ዘመን የነበረ አንድ መካኒክ መልቲሜትር የለውም እንበል። የቤንዚን ሞተር ለካንዴላው ኤሌክትሪክ የሚያገኘው ከሁለት ቦታ ነው፤ ወይ ከባትሪው ወይ ከዲናሞው። ባትሪውን ብነቅለውና ሞተሩ ቢቀጥል፣ ኤሌክትሪኩን የሰጠው ዲናሞው ነው። ቢጠፋ ዲናሞው አይሠራም። እንከን የለሽ አመክንዮ ነው! ባዶ እጅ ለሆነ ሰው ብልህ ሙከራ ነበር። እርግጥ ያኔም አደጋ አልነበረውም ማለት አይደለም፤ በሦስተኛ ካርቦን የሚቆጣጠረው ዲናሞ ባትሪ ሲነቀልበት ቮልቱ ይፈነጥርና አምፖል ያቃጥል ነበር። ሬጉላተር ያለው ግን አብዛኛውን ጊዜ ይታገሠዋል። ቢበላሽም የሚበላሸው መዳብ፣ ብረትና አምፖል ነው፤ እነሱ ደግሞ ይጠገናሉ።

ስድስት ቮልት፣ አሥራ ሁለት ቮልት

ሞተር እየተለቀ፣ ሬዲዮና ማሞቂያ እየተጨመረ ሲሄድ ስድስት ቮልት አልበቃ አለ። አሜሪካኖቹ ወደ አሥራ ሁለት የተሻገሩት በ1950ዎቹ አጋማሽ ነው፤ ፎርድ በ1956 ሞዴሎቹ። ፎርድ በዚያው ሌላም ነገር ገለበጠ። እስከ 1955 ድረስ ከመኪናው ብረት ጋር ያስር የነበረው የባትሪውን ፖዘቲቭ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ኔጋቲቩን ሆነ። እንግሊዞቹ ፖዘቲቩን እያሰሩ እስከ 1960ዎቹ ዘለቁ። በዚያ ዘመን አንዱን መኪና ለምዶ ወደ ሌላው የሄደ መካኒክ ስንቱን ገልብጦ እንዳሰረ መገመት አያዳግትም።

ከብረቱ ጋር ማሰር ያልነው ነገር ለታሪካችን ወሳኝ ነውና ቆም እንበል። በመኪና ውስጥ ወደ እያንዳንዱ መብራት የሚሄደው አንድ ገመድ ነው። የመመለሻው መንገድ የመኪናው ብረት ራሱ ነው። በፒክአፕ ላይ ግን ይህ ብረት አንድ ወጥ አይደለም። ሞተሩ በላስቲክ ላይ ተቀምጧል። ጋቢናው በላስቲክ ላይ ተቀምጧል። ሻንሲው ከታች ለብቻው ነው። ላስቲክ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም፤ ስለዚህ እነዚህን የሚያገናኙ ጥቂት ወፋፍራም ገመዶች አሉ፤ ጭቃና ውሃ በሚረጭበት፣ ማንም ዞር ብሎ በማያያቸው ቦታ። ይህን ያዙልን።

1960፤ ማሽኑ ተለወጠ

አልተርኔተር አዲስ ሐሳብ አልነበረም። ተለዋዋጭ ጅረት ማመንጨት ከድሮም ይቻል ነበር፤ በአውቶቡስና በወታደር መኪና ላይ ቀደም ብሎ ተሞክሯል። ችግሩ ባትሪ የሚሞላው በአንድ አቅጣጫ በሚሄድ ጅረት መሆኑ ነው። አቅጣጫውን የሚያስተካክለው መሣሪያ ግዙፍ ነበር። መፍትሔው የመጣው ከሲሊኮን ዳዮድ ነው፤ ጣት ጫፍ የምታህል፣ ኤሌክትሪክን በአንድ በኩል አሳልፋ በሌላው በር የምትዘጋ። ክራይስለር በ1960 ሞዴሉ ቫሊያንት ላይ ይህን ይዞ ወጣ፤ በቀጣዩ ዓመት ለመኪናዎቹ ሁሉ አዳረሰው። ጄኔራል ሞተርስ በ1963 ተከተለ።

አልተርኔተር ዲናሞን ገልብጦ የሠራው ነው ማለት ይቻላል። እዚህ የሚሽከረከረው ማግኔቱ ነው፤ ኤሌክትሪኩ የሚመነጨው ዙሪያውን በቆመው ጥቅል ውስጥ ነው። ከባዱ ጅረት በካርቦን በኩል አያልፍም። በካርቦኑ የሚያልፈው ማግኔቱን የሚያነቃቃው ጥቂት አምፔር ብቻ ነው። ስለዚህ በከፍተኛ ፍጥነት ማሽከርከር ይቻላል፤ ሞተሩ ዝግ ብሎም ይሞላል። ዳዮዶቹ ወደ ኋላ መፍሰስን ስለሚከለክሉ መቁረጫውም ቀረ። ቀላል፣ ብርቱ፣ ዕድሜው ረጅም።

ግን አንድ ድካም አለው። ዳዮድ በቮልት ብዛት ይሞታል።

ባትሪን እንደ ትልቅ ጋን አስቡት። ከአልተርኔተሩ የሚጎርፈውን ይቀበላል፣ ማዕበሉን ያስተኛል። ጋኑ በድንገት ሲነሳ ጎርፉ የት ይሂድ? የሚሽከረከረው ማግኔት ኃይሉ በአንድ ቅጽበት አይከስምም፤ ሬጉላተሩም በዚያ ፍጥነት አይደርስም። በአሥራ ሁለት ቮልት መኪና ላይ ቮልቱ ለአንድ አፍታ ከ80 በላይ ሊዘል ይችላል። የከፋው ደግሞ ባትሪው ባዶ ሆኖ ብዙ ጅረት እየጠጣ ሳለ ሲነቀል ነው። ባትሪ የሚነቀለው ደግሞ መቼ ነው? «ባትሪው ባዶ ሆነብን» ብለን ጋራዥ ስንሄድ! የሙከራው ሰዓት ከአደጋው ሰዓት ጋር እጅና ጓንት ነው። በኋላ የተሠሩ ብዙ አልተርኔተሮች ይህን ዝላይ የሚገድብ ዳዮድ አላቸው፤ አሮጌዎቹ ግን ይህ ጥበቃ ላይኖራቸው ይችላል። በአዳዲሶቹ ደግሞ ከመስመሩ ጋር የተያያዙ ኮምፒውተሮች አሉ።

ዳዮድ ሲጎዳ የግድ ወዲያው አይሞትም። ከስድስቱ አንዱ ሲሄድ ማሽኑ በጎደለ አቅሙ ይቀጥላል። ለዚህ ነው ልጁ ገመዱን ነቅሎ «ይሠራል» ያለው ዲናሞ በሁለት ቀኑ ያረፈው። ጥፋቱ ከሙከራው በኋላ ስለመጣ ማንም ከሙከራው ጋር አያያይዘውም።

የናፍጣው ቀልድ

አሁን ደግሞ እኛን ያሳቀን፣ አጎታችንን ያላሳቀ ነገር። የዚያ ሙከራ አመክንዮ ሙሉ በሙሉ የቆመው ሞተሩ ለመሥራት ኤሌክትሪክ በመፈለጉ ላይ ነው። የናፍጣ ሞተር ካንዴላ የለውም። ናፍጣው የሚቀጣጠለው አየሩ ታምቆ በመጋሉ ነው። ፓምፑ በሜካኒክ የሚሠራና ነዳጁ በገመድ ተስቦ የሚዘጋ የድሮ ናፍጣ መኪና ከተነሳ በኋላ ባትሪውንም ዲናሞውንም አውጥታችሁ ብትጥሉለት መሥራቱን ይቀጥላል። የአጎታችን ፒክአፕ ደግሞ እንዲያ ያለች ነች።

ስለዚህ ያ ሙከራ በእሷ ላይ ምንም ሊያሳይ አይችልም ነበር። ዲናሞው ቢሠራም ባይሠራም ሞተሩ አይጠፋም። ለቤንዚን የተፈጠረ ሙከራ በናፍጣ ላይ፣ ለዲናሞ የተፈጠረ ሙከራ በአልተርኔተር ላይ። መልስ የማይሰጥ ጥያቄ ጠይቀን፣ ለጥያቄው ደግሞ አልተርኔተር ከፈልን።

መለካት

ሦስተኛው ሰው ጋራዥ የለውም። በመንገድ ዳር አንዲት የቆርቆሮ ክፍል አለችው፤ ዕድሜው ከስልሳ ያለፈ ኤሌክትሪሻን ነው። አጎታችን የሆነውን ሁሉ ሲዘረዝርለት ዝም ብሎ ሰማና «ወንድሜ፣ እስካሁን የለካ ሰው አለ?» ብሎ ጠየቀ። አልነበረም።

መለካትም የራሱ ታሪክ አለው። ጀርመናዊው ጌዮርግ ኦም በቮልት፣ በአምፔርና በመከላከል መካከል ያለውን ሕግ ያሳተመው በ1827 ነው፤ አውቶሞቢል ከመፈጠሩ ከግማሽ ክፍለ ዘመን በላይ ቀድሞ። ሦስቱንም በአንድ ሳጥን የሚለካ መሣሪያ፣ አቮሜትር፣ በ1923 ለገበያ ቀረበ። ዶናልድ ማካዲ የሚባል የእንግሊዝ ፖስታ ቤት መሐንዲስ ለእያንዳንዱ መለኪያ የተለያየ መሣሪያ መሸከም ሰልችቶት ያመጣው ነው። ዛሬ ቴስተር የምንለው መልቲሜትር የእሱ ልጅ ልጅ ነው፤ ዋጋውም እኛ ከገዛነው አንድ ባትሪ በእጅጉ ያንሳል።

ሽማግሌው የሠራውን በቅደም ተከተል እንንገራችሁ፤ ለራሳችሁም ይጠቅማል።

በመጀመሪያ መኪናዋ አድራ፣ ሁሉም ጠፍቶ ባትሪውን ለካ፤ 12.6 ቮልት። ይህ የሞላ ባትሪ ነው። (12.2 ገደማ ግማሽ፣ ከ12 በታች ባዶ ሊባል የቀረበ ነው።) ቀጥሎ እኛ ቁልፍ ስናዞር በባትሪው ሁለት ጫፎች ላይ ለካ፤ ወደ 10.6 ወረደ። ከ9.6 እስካልወረደ ድረስ ባትሪው ጤነኛ ነው። አዲሱ ባትሪ አልሞተም ማለት ነው፤ ምናልባት አሮጌውም አልሞተም ነበር።

ከዚያ ማንም ያላደረገውን አደረገ። የመልቲሜትሩን አንድ ጫፍ በባትሪው ኔጋቲቭ ላይ፣ ሌላውን በራሱ በሞተሩ ብረት ላይ አሳረፈና «አዙሩ» አለ። ሁለቱ ቦታዎች በገመድ የተገናኙ ስለሆኑ በመካከላቸው ልዩነት ሊኖር አይገባም፤ ቢበዛ 0.2 ቮልት። መሣሪያው 2.6 አለ።

2.6 ቮልት በመንገድ እየቀረ ነው! ሞተሪኖው የሚደርሰው ስምንት ቮልት ብቻ። ሽማግሌው ከታች ገባ። ሞተሩን ከሻንሲው የሚያገናኘው ገመድ ላዩ ደህና ይመስላል፤ ብሎኑ ሲፈታ ግን ሥሩ በዝገትና በአረንጓዴ ሻጋታ ተሸፍኗል። የኦም ሕግ የሚለውን አስሉ፤ 0.013 ኦም በ200 አምፔር ሲባዛ 2.6 ቮልት ነው። 0.013 ኦም እኮ ምንም ነው! በተራ መልቲሜትር ኦም ብታደርጉት ዜሮ ይላችኋል። አምፖል ብታገናኙበት ደምቆ ይበራል። የሚታየው ከባዱ ጅረት ሲያልፍበት ብቻ ነው።

የዲናሞውም ጅረት ወደ ባትሪው የሚመለሰው በዚያው ገመድ ነው። ከተነሳች በኋላ መብራት አብርቶ ሲለካ ዲናሞው ላይ 14.2፣ ባትሪው ላይ 13.6 ሆነ። አጭር አጭር መንገድ ለሚሄድ መኪና ባትሪው ጠግቦ አያውቅም ማለት ነው። ይኸው ነው በሽታው። ጽዳት፣ አዲስ ገመድ፣ አንድ ብሎን።

በዳሽቦርዱ ላይ ያለችው የባትሪ መብራትስ ለምን አልነገረችንም? የተሠራችው ለዚህ አይደለማ። ዲናሞው ማመንጨት ሲያቆም ትበራለች እንጂ፣ የመነጨው በመንገድ ሲቀር አታውቅም። በብዙ አልተርኔተሮች ላይ እንዲያውም ማግኔቱን መጀመሪያ የሚያነቃቃው ጅረት የሚያልፈው በእሷ አምፖል በኩል ነው፤ አምፖሏ ከተቃጠለች ማስጠንቀቂያም የለ፣ መሙላትም ላይኖር ይችላል። ቁልፍ ከፍታችሁ ሞተር ሳታስነሱ ካልበራች «እሰይ፣ ችግር የለም» አትበሉ።

ቁጥሩም ያረጃል

እዚህ ላይ ብናቆም «14 ቮልት ካለ ይሠራል» የሚል አዲስ ልማድ ተክለን መሄዳችን ነው። እሱም ያረጃል። ካለፉት ሃያ ዓመታት ወዲህ በተሠሩ ብዙ መኪኖችና ፒክአፖች ላይ የመሙያውን ቮልት የሚወስነው የሞተሩ ኮምፒውተር ነው። በባትሪው ኔጋቲቭ ላይ የተቀመጠ መለኪያ የገባውንና የወጣውን ይቆጥራል፤ ነዳጅ ለመቆጠብ ቮልቱን ወደ 13 ሊያወርድ፣ ሲያስፈልግ ወደ 15 ሊያስጠጋ ይችላል። በእንዲህ ያለ መኪና ላይ 12.9 አይቶ «ዲናሞው ሞቷል» የሚል ሰው፣ ያንን ልጅ በሌላ ልብስ ደገመው ማለት ነው። ጁምፐር ሲታሰር እንኳ ኔጋቲቩ በባትሪው ጫፍ ሳይሆን በሻንሲው ወይም በሞተሩ ብረት ላይ ይሁን የሚባለው አንዱ ምክንያት ያ መለኪያ ነው።

ልጁን ልንወቅሰው አንፈልግም። የተማረውን ነው የሠራው፤ የተማረውም በዘመኑ ትክክል የነበረ ነገር ነው። በአገራችን ሙያ ከእጅ ወደ እጅ፣ ከአፍ ወደ ጆሮ ነው የሚተላለፈው፤ ያለ መጽሐፍ፣ ያለ ትምህርት ቤት ስንት ሞተር ነፍስ ዘርቶበታል። በአፍ የሚተላለፍ ነገር ግን ቀን አይጻፍበትም። «ይህ ሙከራ ለ1940ዎቹ የቤንዚን መኪና ነው» የሚል ማስታወሻ አብሮት አይመጣም። ሙከራው እንጂ ምክንያቱ አልተወረሰም፤ ማሽኑ ሲለወጥም ልጁን የሚያስጠነቅቀው ነገር አልነበረም።

አጎታችን ለሽማግሌው የከፈለው ከሁለቱ ጋራዦች ሒሳብ ጋር ሲተያይ የሻይ ነው። በማግስቱ ማለዳ ስልክ ደወለልን። አላወራም፤ ስልኩን ወደ ሞተሩ አስጠግቶ አሰማን። አንድ ጊዜ ዞረ፣ ተነሳ። ሁለተኛው ጋራዥ ሄደን ለልጁ ነገርነው። መጀመሪያ ተቆጣ፤ ከዚያ መልቲሜትር ስንት እንደሚሸጥ ጠየቀን። «አሮጌው ባትሪስ የት ገባ?» ብለን አጎታችንን ስንጠይቀው ቆጥ ላይ አስቀምጦታል። ሽማግሌው ሞልቶ ለካውና «ይህ እኮ ደህና ነው» አለው።

መብራት ሲጠፋ አሁን የቤታቸውን አምፖል የሚያበራው እሱ ነው።